ጭንቀት ሲበዛ ቆዳም ይታመማል



ብዙ ጊዜ ያላየነውን ሰው መንገድ ላይ ስናገኝ «ምነው ከሳህ? ምነው ጠቆርክ? ደህና አይደለህም እንዴ?» እንላለን። ሰውየው የደረሰበትን ሳይነግረን ፊቱን በማየት ብቻ ችግር እንዳለ እንገምታለን ማለት ነው። ግምታችንም ከእውነት የራቀ አይደለም። ሐዘን፣ የፈተና ሰሞን፣ ሥራ ማጣት፣ ታማሚን ለረጅም ጊዜ ማስታመም፣ ዐረብ አገር የሄደች ልጅ ድምፅ መጥፋት፣ እነዚህ ሁሉ ከልብ አልፈው ቆዳ ላይ ይወጣሉ። በዚህ ወር ጽሑፋችን ይህ ለምን እንደሚሆን፣ ምን ማድረግ እንደሚገባና በተለይም ምን ማድረግ እንደማይገባ እንመለከታለን።

ጭንቀትና ቆዳን ምን ያገናኛቸዋል?

ሰው ሲጨነቅ አንጎል ከኩላሊቶች በላይ ለሚገኙት አድሬናል ለተባሉት ዕጢዎች መልእክት ያስተላልፋል። ዕጢዎቹም አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃሉ። ይህ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ጠቃሚ ነው፤ ከአደጋ ለማምለጥ ኃይል ይሰጣል። ለሳምንታትና ለወራት ሲቀጥል ግን ጉዳት ያመጣል። ወዝ የሚያመነጩት ዕጢዎች ሥራ ይበዛባቸዋል፤ የላይኛው የቆዳ ሽፋን እርጥበት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ቁስልም ቶሎ አይሽርም።

እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ዘመዶቻቸውን በሚያስታምሙ 13 ሴቶችና ይህ ሸክም በሌለባቸው 13 ሴቶች ክንድ ላይ እኩል መጠን ያለው ትንሽ ቁስል ተደረገ። የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን በአማካይ 9 ቀን ያህል ተጨማሪ ጊዜ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ2003 በ22 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም በፈተና ሰሞን ጭንቀታቸው በጨመረ መጠን ብጉራቸው እንደባሰ አመልክቷል።

ምን ምልክቶች ይታያሉ?

ብጉር፦ ቀድሞ የነበረው ይበዛል፤ በእጅ ሲነካካና ሲፈርጥ ደግሞ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል።

ማሳከክና ችፌ፦ የተጨነቀ ሰው ሳያውቀው ያካል። ማከክ ቆዳውን ያቆስላል፤ የቆሰለው ቆዳ መልሶ ያሳክካል። በዚህ መመላለስ ማጅራትና ቁርጭምጭሚት አካባቢ ቆዳው ይወፍራል፣ ይጠቁራል።

ድንገተኛ ሽፍታ፦ ትንኝ የነደፈ የሚመስል እብጠት ብቅ ብሎ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል፤ ከዚያም ሌላ ቦታ ይወጣል።

ፎረፎር፦ ራስ ቆዳ ላይ፣ ቅንድብና አፍንጫ ዳር ላይ ይብሳል።

የፀጉር መርገፍ፦ ይህ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነው፤ ምክንያቱም የሚታየው ችግሩ ከደረሰ ከ2 እስከ 3 ወር በኋላ ነው። ከሐዘን፣ ከከባድ ሕመም ወይም ከወሊድ በኋላ እንዲህ ሲሆን «አዲስ በሽታ ያዘኝ» ተብሎ ይታሰባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፀጉሩ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል።

በቤትዎ ምን ያድርጉ?

ፊትዎን በቀን ሁለት ጊዜ ለስላሳ በሆነና ሽታ በሌለው ሳሙና፣ ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ። የልብስ ሳሙና ለፊት አይሆንም። አጥብቆ መፈተግም ብጉርን ያባብሳል እንጂ አያጠፋም።

በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው ቆዳው በተለይ በደረቁ የበጋ ወራት ሊደርቅ ይችላል፤ ውሃ ሲተን የቆዳን እርጥበት ይዞ ይሄዳልና። መፍትሔው ቀላል ነው። ከውዱእ በኋላ ቆዳዎን በፎጣ ቀስ ብለው ጠቅ ጠቅ በማድረግ ያድርቁ፤ ገና ረጠብ እንዳለ እጅዎንና እግርዎን በስሱ ቫዝሊን ይቀቡ። ወፍራም ቅባት ውሃ ወደ ቆዳ እንዳይደርስ ሊያግድ ስለሚችል የሚቀቡት ከውዱእ በፊት ሳይሆን በኋላ ይሁን። ካልሲ ከማድረግዎ በፊት የእግር ጣቶችዎን መካከል በደንብ ያድርቁ። ብጉር ያለበት ሰው ግን ፊቱን ቫዝሊን አይቀባ፤ ቀለል ያለ ሎሽን ይበቃዋል።

እኅቶች ፀጉራችሁ እርጥብ እንደሆነ ሂጃብ አትልበሱ፤ እርጥበቱ ታፍኖ ሲውል ፎረፎርን ያባብሳል። የልጆችንም የራስዎንም ጥፍር ያሳጥሩ። ሲያሳክክዎ ከማከክ ይልቅ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ቦታው ላይ ያድርጉ።

ፀሐይንም አይርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በቀትር ጥላ መፈለግ ማድያትን ጨምሮ ብዙ ነገር ይከላከላል።

እንቅልፍ ለቆዳ መድኃኒት ነው። በፈተና ሰሞን ጫት እየቃሙ ማደር ወይም ቡና መደጋገም እንቅልፍንም የምግብ ፍላጎትንም ይቀንሳል፤ ማግስቱን ቆዳው ደርቆና ጭንቀቱ ብሶ ይገኛል። ጎመን፣ ካሮት፣ ምስር፣ ሽሮና ፍራፍሬ ይመገቡ። ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ይቀንሱ። በረመዷን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ውሃ እየከፋፈሉ ይጠጡ።

ከጎረቤት የተዋሱትን ቅባት ይጠንቀቁ

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ከጭንቀቱ ሳይሆን ለመፍትሔ ብለን ከምንቀባው ነገር ነው። ኒካሕዋ የቀረበ ሙሽራ ፊቷ ላይ ብጉር ቢወጣባት ጓደኛዋ «እኔን በሦስት ቀን ያጠራኝ» ብላ አንድ ቅባት ትሰጣታለች። ቅባቱ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ሊሆን ይችላል። እነዚህ ስቴሮይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ናቸው። ሐኪም አዝዟቸው ለተወሰነ ጊዜ ሲወሰዱ ይፈውሳሉ። ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ የደም ሥሮችን ያወጣሉ፣ ብጉር የሚመስል ሽፍታና የፊት ፀጉር ያበቅላሉ። ሲያቆሙት ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ሰውየውም ከቃጠሎው ለመገላገል ወደዚያው ቅባት ይመለሳል። ጭርት ላይ ሲቀቡት ማሳከኩን ያስታግስና በሽታው ከሥር እየሰፋ ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙ ከቆዩ በራስዎ ፈቃድ በድንገት ከማቆም ሐኪም ያማክሩ።

ፊት ያቀላሉ የሚባሉ ሳሙናዎችና ቅባቶች ውስጥም ሜርኩሪ ተጨምሮ ይገኛል። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡርና ለጽንሱም አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ትኩረት ካደረገባቸው ምርቶች አንዱ ይኸው ነው። ይዘቱ ያልተጻፈበትን ቅባት አይግዙ። ሎሚ ፊት ላይ መቀባትም ፀሐይ ሲነካው ያቃጥላል፤ የጥርስ ሳሙናም የብጉር መድኃኒት አይደለም።

ሁሉን በጭንቀት አያሳብቡ

ማሳከኩ ሌሊት የሚብስና ሌላውም የቤተሰቡ አባል የሚያሳክከው ከሆነ እከክ ሊሆን ስለሚችል ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ መታከም አለበት። ስሜት የሌለው ወይም የደነዘዘ ነጣ ያለ ምልክት ቆዳ ላይ ከታየ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። የከንፈር ወይም የምላስ እብጠትና የትንፋሽ ማጠር ካለ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለቆዳ ሕመም በቅርብዎ ካለ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። በአዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ለብዙ ዓመታት የታወቀ ነው።

ለጭንቀቱም ሕክምና አለው

ሶላትና ዚክር ልብን ያረጋጋሉ። ከዚህ ጋር ግን የታመነ ሰው ማማከር፣ ከዱንያ ሸክም ከፊሉን ለቤተሰብ ማካፈል፣ በየቀኑ ጥቂት በእግር መሄድ ይጠቅማል። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የጠላ፣ መኖርን የሰለቸ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። እንዲህ ላለው ሰው «ኢማንህ ደካማ ስለሆነ ነው» ማለት ሕመሙን እንዲደብቅ ያደርገዋል፤ ለትኩሳት ሐኪም ዘንድ እንደምንወስደው ሁሉ ለዚህም እጁን ይዘን እንውሰደው።

የቆዳ የላይኛው ሽፋን ራሱን የሚያድሰው በ4 ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ ዛሬ የጀመሩትን እንክብካቤ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለው አይተዉት፤ ቢያንስ አንድ ወር በትዕግሥት ይከታተሉት። አላህ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። አሚን።