አንድ የልጆች ተረት እንዴት መጽሐፍ እንደ ሆነ

ልብ ወለድ ታሪክ ማለት ደራሲ ከገዛ አሳቡ አፍልቆ የሚጽፈው፥ በእውነት ያልተደረገ፥ ነገር ግን እንደ ተደረገ ሆኖ የሚነበብ ታሪክ ነው። ከዚህም ውስጥ ለልጆች ተብሎ የሚጻፍ አንድ ወገን አለ፤ በርሱ ውስጥ እንስሳት ይናገራሉ፤ ሰው በአንድ ጊዜ ያጥራል፥ መልሶም ይረዝማል፤ መሬት ተከፍቶ ሌላ አገር ይታያል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ባነበበ ጊዜ ደራሲው ሌሊት አልሞ ጧት የጻፈው ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ተረት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይነገራል፤ መጽሐፍ እስኪሆን ግን ዓመታት ይፈጃል። ይህን ለመረዳት በእንግሊዝ አገር የተደረገውን አንድ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንመልከት። ዘመኑን የምንቈጥረው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

ቻርልስ ላትዊጅ ዶጅሰን በ1832 ዓመት ቼሺር በሚባለው አውራጃ ተወለደ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር፤ ልጆቹም ዐሥራ አንድ ነበሩ። ቻርልስ ከወንዶቹ ሁሉ ታላቅ ስለ ነበረ ወንድሞቹንና እኅቶቹን ያጫውት ነበር። በ1845 ዓመት፥ ዕድሜው ገና ዐሥራ ሦስት ሳለ፥ ግጥምና ሥዕል በእጁ እያዘጋጀ ለቤተ ሰቡ የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ ሠራ። ከዚያም በኋላ ከቤት የማይወጣ፥ እንደ ጋዜጣ ያለ ጽሑፍ ያዘጋጅላቸው ነበር፤ አሻንጉሊትም በክር እያንቀሳቀሰ ጨዋታ ያሳያቸው ነበር። እንግዲህ ስሙን በዓለም ሁሉ ያስጠራው መጽሐፍ ከመታተሙ ሃያ ዓመት አስቀድሞ፥ ማንም ሳያዝዘው፥ በሥራው ላይ ተለማማጅ ነበረ ማለት ነው።

ካደገ በኋላ በ1851 ዓመት ወደ ኦክስፎርድ ታላቅ ትምህርት ቤት ገባ፤ በዚያም ሒሳብ አስተማሪ ሆነ፤ በ1861 ዓመትም ዲቁና ተቀበለ። ሲናገር ይንተባተብ ነበር። ያሳትማቸው የነበሩት መጻሕፍት ስለ ሒሳብ ነበሩ። ሒሳብ ዐዋቂ ተረት ጻፈ ሲባል የሚገርመው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን አይገርመኝም። ያልነበረ አገር የሚፈጥር ሰው፥ በዚያ አገር ምን እንደሚቻልና ምን እንደማይቻል ሕጉን ጠንቅቆ መቍጠር አለበት፤ ሕግ የሌለው ተረት ሰሚውን ቶሎ ያሰለቻልና።

በ1862 ዓመት በጁላይ ወር በ4ኛው ቀን፥ በአገራችን አፄ ቴዎድሮስ ነግሠው በነበሩበት ዘመን፥ ዶጅሰን ከወዳጁ ከሮቢንሰን ዳክዎርዝ ጋራ በታንኳ ሆኖ በቴምስ ወንዝ ላይ ከኦክስፎርድ ወደ ጎድስቶው ሄደ። ከነርሱም ጋራ የትምህርት ቤቱ አለቃ የሊደል ልጆች ነበሩ፤ ታላቂቱ ሎሪና ዐሥራ ሦስት ዓመቷ፥ መካከለኛዪቱ አሊስ ዐሥር ዓመቷ፥ ታናሺቱ ኢዲት ስምንት ዓመቷ ነበረ። ልጆቹ ተረት ንገረን አሉት። እርሱም አሊስ የምትባል ልጅ ጥንቸል ተከትላ ስትሮጥ ከጕድጓድ ውስጥ ወደቀች ብሎ ጀመረ። በ1887 ዓመት ስለዚህ ነገር ሲጽፍ፥ ልጂቱን ወደ ጕድጓዱ በላካት ጊዜ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያገኛት ራሱ ከቶ አያውቅም ነበር ብሏል።

ለነዚህ ልጆች ተረት ሲነግራቸው ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ከዚህ በፊት የነገራቸው ተረቶች ሁሉ ግን አልተጻፉም፤ በተወለዱበት ቀን ሞቱ። በዚህ ቀን ግን አሊስ ተረቱን ጻፍልኝ ብላ ለመነችው። እርሱም በማግሥቱ ወደ ሎንዶን በባቡር ሲሄድ የተረቱን አርእስት ብቻ፥ አንድ በአንድ፥ ከመንገድ ላይ ጻፈ። ይህ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ግን ይህ ነው። ያን ቀን ባይጽፍ ኖሮ፥ ከሳምንት በኋላ ሊጽፍ ቢቀመጥ ከግማሹ የሚበልጠው በጠፋበት ነበር። በአገራችንም ማታ ከምድጃ ዳር አያቶች የሚነግሩት ተረት ስንት ነው? በነጋታው ጧት ከዚያ ውስጥ የሚታወሰው ምን ያህል ነው? አያቲቱ ባለፉ ጊዜ ያልተጻፈው ሁሉ አብሮ ይቀበራል። የሚያሳዝነውም ልጆቹ ተረት ሳያጡ፥ ጻፍልን የሚል ማጣታቸው ነው።

አርእስቱን ከጻፈ በኋላ ዶጅሰን ወዲያው አልጨረሰውም። መጻፍ የጀመረው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ነው፤ ጽሑፉም በ1863 ዓመት በፌብሩዋሪ አለቀ። ከዚያ ወዲያ በየገጹ ሥዕል የሚሆንበትን ስፍራ ትቶ፥ ሥዕሉን በገዛ እጁ እየሣለ ሌላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ፈጀ። የተዋበ የእጅ ጽሑፍ ያለበት፥ ዘጠና ገጽና ሠላሳ ሰባት ሥዕል ያለው ደብተር ሆነ፤ ስሙንም «የአሊስ ታሪክ ከመሬት በታች» አለው። በ1864 ዓመት በኖቬምበር 26 ቀን ለአሊስ የገና ስጦታ ብሎ ላከላት። ጻፍልኝ ካለችው ሁለት ዓመት ከአራት ወር አልፎ ነበር፤ ልጂቱም ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር።

በዚህ መካከል ግን ሌላ ነገር ሆነ። ጆርጅ ማክዶናልድ የሚባል ደራሲ ወዳጅ ነበረው፤ ጽሑፉን ለማክዶናልድ ቤተ ሰብ አስነበበ። እናቲቱ ለልጆቿ አነበበችላቸው፤ ከልጆቹም አንዱ፥ ግሬቪል የሚባለው፥ የዚህ መጽሐፍ ስድሳ ሺሕ ቅጅ ቢኖር ደስ ባለኝ አለ። ይህ ምስክርነት ከአሊስ ልመና የተለየ ነው። አሊስ በታንኳው ላይ ነበረች፤ በተረቱም ውስጥ ስሟ አለ፤ ስለዚህ ብትወደው አያስደንቅም። የማክዶናልድ ልጆች ግን በታንኳው አልነበሩም። ደራሲ ጽሑፉ ደኅና መሆኑን ለማወቅ ሲሻ፥ ነገሩን ጨርሶ ለማያውቅ ሰሚ ያንብብ። የቅኔ ተማሪ ቀን ሲቈጥር የዋለውን ቅኔ ማታ በመምህሩ ፊት እንደሚያቀርብና እንደሚታረም፥ ደራሲም እንዲሁ ፈራጅ ያስፈልገዋል፤ ለልጆች መጽሐፍ ግን ፈራጁ ልጅ ነው።

ዶጅሰን መጽሐፉን ለማሳተም በቈረጠ ጊዜ ደብተሩን እንዳለ ለአታሚ አልሰጠም፤ እንደገና ጻፈው። በዚህ ላይ ቈም ብለን ማየት ይገባናል። በደብተሩ ውስጥ ለታንኳዎቹ ሰዎች ብቻ የሚገባ ብዙ ነገር ነበረ። አሊስ በገዛ እንባዋ ኩሬ ውስጥ ስትዋኝ ብዙ እንስሳት ያገኛሉ፤ ከነዚያም አንዱ ዶዶ የሚባለው ዘሩ የጠፋ ወፍ ዶጅሰን ራሱ ነው፤ ዳክዬው ዳክዎርዝ ነው፥ ዳክ በእንግሊዝኛ ዳክዬ ማለት ነውና፤ ሎሪ የሚባለው በቀቀን ሎሪና ነው፤ የንስሩም ጫጩት ኢዲት ናት። ይህን ስም ሁሉ ሳይሽር ተወው፤ ምስጢሩን የማያውቅ ልጅ እንስሳ ብቻ አድርጎ ቢያነብበው ምንም አይጐድልበትምና። ነገር ግን ከዚያ በፊት በጁን ወር በሌላ ሽርሽር ላይ ሳሉ ዝናም አግኝቷቸው ልብሳቸውን ለማድረቅ ከአንድ ቤት ገብተው ነበር፤ ያንንም በደብተሩ ጽፎ፥ ዶዶው እንስሳቱን ወደ ቤት ወስዶ ያደርቃቸዋል ብሎ ነበር። ይህ ለማያውቀው ሰው ጣዕም የለውም። ስለዚህ ፋቀውና በምትኩ የሩጫ ጨዋታ አገባ፤ እንስሳቱ ለመድረቅ ሲሉ በክብ ይሮጣሉ፥ ሁሉም በፈቀደው ጊዜ ይጀምራል፥ በፈቀደው ጊዜ ያቆማል፤ በመጨረሻም ሁላቸው አሸነፉ ተብለው ሁላቸው ይሸለማሉ። እውነተኛው ነገር ወጥቶ ልብ ወለዱ ገባ፤ መጽሐፉም ተሻለ።

ንግሥቲቱ በምታጫውተው የኳስ ጨዋታም በመጀመሪያው ጽሑፍ የኳሱ መምቻ በሕይወት ያለ ሰጎን ነበረ። በኋላ ግን ሰጎኑን አስወጥቶ ፍላሚንጎ አደረገው፤ ይህች በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳር የምትታየው ቀጭን ረጅም አንገት ያላት፥ ጽጌረዳ የምትመስል ወፍ ናት። ሰጎን ከባድ ነው፤ ሕፃን ልጅ በብብቷ ልትይዘው አይመስልም፤ ፍላሚንጎ ግን ልትያዝ ትችላለች፥ አንገቷንም ጠምዝዛ የያዘቻትን ልጅ ቀና ብላ ታያታለች። በማይሆን ነገር ውስጥ እንኳ የሚመስለውን ከማይመስለው መለየት የደራሲ ሥራ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፥ ፈገግታው ብቻ ቀርቶ ገላው የሚጠፋው ድመት፥ እንዲሁም የዕብዶቹ የሻይ ግብዣ፥ በታንኳ ላይ የተነገሩ አይደሉም፤ በአሊስ ደብተርም ውስጥ የሉም፤ እንደገና በተጻፈ ጊዜ የተጨመሩ ናቸው። ዐሥራ አምስት ሺሕ ያህል ቃላት የነበረው ጽሑፍ ከሃያ ሰባት ሺሕ በላይ ሆነ።

አዲሱንም አሳብ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ በግድ አላወጣውም። አንዳንዱ አሳብ ሌሊት እንደመጣለት፥ ተነሥቶም መብራት አብርቶ እንደጻፈው፥ አንዳንዱም በክረምት ብቻውን ሲሄድ መጥቶለት በብርድ በደነዘዘ ጣቱ ከመንገድ ቆሞ እንደጻፈው ተናግሯል። ኋላም በ1891 ዓመት ሳይነሣ በጨለማ የሚጽፍበት መሣሪያ እስከ መፍጠር ደርሷል። አሳብ እንግዳ ነው፤ በመጣበት ሰዓት ካልተቀበሉት ተመልሶ ይሄዳል።

ርእሱን ግን ብዙ አሰበበት። «ከመሬት በታች» የሚለው ስለ ማዕድን ቍፋሮ የሚያስተምር መጽሐፍ እንዳይመስል ፈራና፥ ሌሎች ስሞች ጽፎ ሰው አማከረ፤ በመጨረሻም «አሊስ በድንቅ አገር» የሚለውን መረጠ። የራሱንም ስም አላወጣም፤ በሒሳብ መጻሕፍቱ ላይ ዶጅሰን ሲባል በተረቱ ላይ ሊዊስ ካሮል ተባለ። ይህን ስም በ1856 ዓመት ያበጀው፥ ቻርልስ ላትዊጅ የሚለውን ወደ ላቲን መልሶ፥ ፊተኛውን ወደ ኋላ ኋለኛውን ወደ ፊት አድርጎ፥ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ በመመለስ ነው። ቅኔ የቈጠረ ሰው በዚህ ጨዋታ ይደሰታል።

ሥዕሉንም ቢወድደው እንኳ ለኅትመት እንደማይበቃ አወቀ፤ ጆን ቴኒየል የሚባለውን፥ በጋዜጣ ሥዕሉ የታወቀውን ሠዓሊ ቀጠረ። ቴኒየልም አርባ ሁለት ሥዕሎች ሣለ፤ ሥዕሎቹም በእንጨት ላይ ተቀርጸው ታተሙ። አሳታሚው ማክሚላን ሲሆን፥ ወጪውን የሚከፍለው ግን ደራሲው ራሱ ነበረ።

በ1865 ዓመት በጋ ሁለት ሺሕ ቅጅ በኦክስፎርድ ታተመ። ዶጅሰንም ለወዳጆቹ መስጠት ጀመረ። በጁላይ ወር ግን ቴኒየል በሥዕሎቹ አተማም ከቶ አልተደሰትሁም ብሎ አስታወቀው። እንግዲህ የዶጅሰንን ነገር ተመልከቱ። ባለጸጋ አልነበረም፤ በአስተማሪነት ደመወዝ የሚኖር ሰው ነበረ። መጽሐፉ ቢሸጥ ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ጕድለቱን አያስተውሉትም ነበር። እርሱ ግን ሁለቱን ሺሕ ሁሉ ከሽያጭ አስቀረ፤ ለወዳጆቹ የሰጠውንም መልሱልኝ ብሎ ለመነ፤ መጽሐፉንም በሌላ አታሚ እንደገና አሳተመ። አዲሱ ሁለት ሺሕ ተሸጦ ቢያልቅ እንኳ ሁለት መቶ ፓውንድ ያህል ከኪሱ እንደሚወጣ አስልቶ በዕለት ማስታወሻው ጻፈ። አዲሱ ኅትመት በኖቬምበር 1865 ወጣ፤ በፊተኛው ገጹ ላይ የተጻፈበት ዓመት ግን 1866 ነው። የተጣለውም ወረቀት ወደ ኒው ዮርክ፥ ለአፕልተን ተሸጠ።

መጽሐፉ በወጣበት ዘመን ለእንግሊዝ ልጆች የሚጻፈው አብዛኛው ምክርና ተግሣጽ ነበረ፤ ይህ ግን ምንም አይመክርም። እንዲያውም ከየነገሩ ሁሉ ምክር የምታወጣ አንዲት መስፍኒት በውስጡ አለችና ይሳቅባታል። እኔ በአገሬ ልማድ ተረት ምክር ቢኖረው እወድዳለሁ፤ ሆኖም ልጅ ደስ ብሎት ካላነበበ ምክሩም አይደርሰውም። ይህ መጽሐፍ ንባብ አስተምሯል፤ እስከ 2015 ዓመት ድረስም ከ170 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጕሟል።

ደብተሩ ግን ከአሊስ ዘንድ ኖረ። እርሷም ካረጀች በኋላ፥ ባሏ ሞቶባት፥ በ1928 ዓመት በሎንዶን በጨረታ ሸጠችው፤ ዋጋውም 15,400 ፓውንድ ሆነ፥ ወደ አሜሪካም ሄደ። በ1948 ዓመት ግን የአሜሪካ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ገዝተው ለእንግሊዝ ሕዝብ በስጦታ መለሱት፤ ዛሬም በሎንዶን በታላቁ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ዶጅሰን ራሱ ያነሣው የአሊስ ፎቶግራፍ ተለጥፎበት ነበር። በ1977 ዓመት ፎቶግራፉ ቢነሣ፥ ከሥሩ በእርሱ እጅ የተሣለ የልጂቱ መልክ ተገኘ፤ ሥሎት አልወደደውም ነበርና ሸፍኖታል።