ከወዳጆች ጋራ ወጥቶ ስለ መብላትና ስለ ኮሶ ትል

ሳምንቱን ሙሉ በሥራ ለደከመ የከተማ ሰው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፥ ወይም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፥ ወዳጆቹን አስከትሎ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ እንደ መብላት ያለ ደስታ የለም። ብዙ ጊዜ የሚመረጡትም መንገዶች ሦስት ናቸው። የጅማን መንገድ የያዘ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ሰበታ ይደርሳል፤ የአምቦን መንገድ የያዘ ቡራዩ ይገባል፤ የጎጃምን መንገድ የያዘ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ይወርዳል። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር በተባለው የከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል፤ በላተኛው ግን ዛሬም የሚለያቸው በየስማቸውና በየሉካንዳቸው ነው።

እኔና አራት ጓደኞቼም በዚህ ልማድ ከገባን አራት ዓመት ይሆነናል። ሁለቱ መምህራን፥ አንዱ የባንክ ሠራተኛ፥ አንዱ ነጋዴ ናቸው። ሥርዐታችንም እንዲህ ነው፤ በየወሩ አንዳችን በተራው ምግብ ቤት ይመርጣል፥ የቀሩት አራቱ ይፈርዳሉ፥ ሒሳቡን ሁላችንም እኩል እናዋጣለን። ፍርዱ ዘወትር በጮማው፥ በአዋዜው፥ በጠጁና በአስተናጋጆቹ ትሕትና ላይ ነበር። ከቤቱ ጓሮ ምን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ሥራዬ ይህንኑ መጠየቅ ሆኖ ሳለ፥ ጨዋታ አፍራሽ እንዳልባል ብዬ ዝም እል ነበር። ይህን ሳስበው ዛሬ አፍራለሁ።

ባለፈው ዓመት ከመምህራኑ አንዱ ወደ ቢሮዬ መጣና በሩን ዘግቶ፥ «ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። ለሦስት ወር ያህል በውስጥ ልብሱ ላይ ነጭና ጠፍጣፋ፥ የተቆራረጠ ፓስታ የመሰለ ነገር ያገኝ ነበር፤ አንዳንዱም ይንቀሳቀሳል። ከእፍረቱ የተነሣ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ኮሶ ከገበያ ገዝቶ ሁለት ጊዜ ጠጥቶአል፤ በሁለተኛው ጊዜ እስኪዝለፈለፍ ድረስ አስታውኮ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ፤ ትሉ ግን አልወጣለትም። ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰገራው ተመርምሮ መድኀኒት ከተሰጠው በኋላ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። «ሥጋው የምርመራ ማኅተም ያለበት ነበር፤ ቤቱም የታወቀ ቤት ነው። ታዲያ ይህ ነገር ከወዴት መጣብኝ?» አለ። ስሙን ሳልጠራ ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

መልሱ በአጭሩ «ከሰው» የሚል ነው። ኮሶ ከጥሬ ሥጋ እንደሚመጣ በአገራችን የማያውቅ ሰው የለም፤ ይህም እውነት ነው፥ ነገር ግን የእውነቱ እኩሌታ ብቻ ነው። የበሬው ሥጋ ትሉን ከየት አገኘው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ትል አድጎ የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው፤ በውሻ፥ በጅብ ወይም በሌላ እንስሳ አያድግም። በራሱ ላይ ባሉት አራት መጣበቂያዎች የትንሹን አንጀት ግድግዳ ይዞ፥ ሰውዬው ከሚበላው እየተመገበ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሜትር ይረዝማል፤ ካልታከመም ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ገላው ከ1,000 እስከ 2,000 በሚደርሱ አንጓዎች የተሠራ ነው። ከጫፉ የበሰሉት አንጓዎች በቀን ስድስት ያህል እየተበጠሱ ከሰገራ ጋራ ወይም በራሳቸው ይወጣሉ፤ መምህሩ ያያቸውም እነዚህን ነበር። በአንዱ አንጓ ውስጥ እስከ 100,000 የሚደርስ እንቁላል ይገኛል።

አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በሦስት ወር፥ ማለት በ90 ቀን፥ በቀን ስድስት አንጓ ቢወጣ 540 አንጓ ይሆናል፤ ይህም እስከ 54 ሚሊዮን እንቁላል ማለት ነው። ወዳጄ በእፍረት ዝም ባለበት ጊዜ ውስጥ ከእርሱ ከአንድ ሰው ብቻ ይህን ያህል ሊወጣ ይችል ነበር። እንቁላሉ ወደ ተዘጋ ጉድጓድ ከወረደ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ወደ ሜዳ ከፈሰሰ ግን በሣር ላይ ለወራት ሕይወቱን ይዞ ይቈያል፤ የሚግጥ በሬም ከሣሩ ጋራ ይውጠዋል። በከብቱ አንጀት ተፈልፍሎ፥ በደም አድርጎ ወደ ሥጋው ገብቶ፥ በዚያ ከአተር ፍሬ የማይበልጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ያን ከረጢት ከነሕይወቱ የዋጠ ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ወር በሚሆን ጊዜ ውስጥ የበሰለ ትል ባለቤት ይሆናል። ከሰው ወደ ከብት፥ ከከብት ወደ ሰው፤ ሌላ መንገድ የለውም።

ስለ ማኅተሙ እንናገር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. የሥጋ ምርመራ ዐዋጅ ከወጣ ጀምሮ ለሽያጭ የሚታረድ ከብት በመርማሪ እንዲታይ በሕግ ተደንግጓል። መርማሪው የጉንጩን ሥጋ፥ ምላሱን፥ ልቡንና ወርቹን ሰንጥቆ ይመለከታል፤ ከረጢቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእነዚህ ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን አንድ በሬ በመላ ገላው ሦስት ወይም አራት ከረጢት ብቻ ቢኖረውና እነርሱም በሽንጡ ወይም በታፋው ውስጥ ቢሆኑ፥ የመርማሪው ቢላዋ ሳያገኛቸው ሊያልፍ ይችላል። ሥጋውን ሁሉ እንደ ጎመን ቢከታትፈው ደግሞ ለሉካንዳው የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ስለዚህ ማኅተም የሌለበትን ሥጋ ፈጽሞ አንብላ፤ ማኅተም ያለበትንም በጥሬው ስንበላ አደጋው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሞቶ የተገኘ ወይም ታሞ የታረደ ከብት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አባ ሰንጋ በመቀቀልም የማይታመን በሽታ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያለ ሥጋ በጥሬም ሆነ በብስል ወደ ማዕድ መቅረብ የለበትም።

ከረጢቱን በእርግጥ የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እሳትና ብርቱ ቅዝቃዜ። ያልተፈጨ ሥጋ በመካከሉ ሙቀቱ 63 ዲግሪ ደርሶ ለሦስት ደቂቃ ቢቈይ፥ የተፈጨው ደግሞ 71 ዲግሪ ቢደርስ ይበቃል። በየማድቤቱ የሙቀት መለኪያ ስለማይገኝ፥ ሥጋው ከውስጥ ቀይነቱን መልቀቁን ማየት ይረዳል። በደቃቁ ተቆርጦ በሚገባ የበሰለ ጥብስ እንግዲህ የሚያሠጋ አይደለም። ለብ ለብ የተባለው ክትፎ ግን ስሙ እንደሚናገረው ለብ ያለ ብቻ ነው፤ ቅቤው ትኩስ ሆኖ ቢመጣም ሥጋው ከጥሬው እምብዛም አይለይም። ቅዝቃዜውም ቢሆን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ለ10 ቀን መቈየት አለበት። በተራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ቀን ያደረ ሥጋ ቀዘቀዘ እንጂ አልጸዳም።

ነጋዴው ጓደኛችን ሚጥሚጣ ትሉን ያቃጥለዋል፥ የተረፈውን ደግሞ አረቄ ያሰክረዋል እያለ ይከራከረኝ ነበር። ሚጥሚጣው የሚያቃጥለው ምላስን ነው። አረቄውም ቢሆን ከጠጪው ሌላ ያሰከረው ፍጥረት እንዳለ አላየሁም።

ጥሬ ሥጋ የሚበላው ኢትዮጵያዊ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ግን ተሳስቶአል። በትምህርት በነበርሁበት በቤልጅግ አገር ሰዎቹ ተፈጭቶና በቅመም ተለውሶ የቀረበ ጥሬ የከብት ሥጋ በዳቦ ላይ ቀብተው በደስታ ይበላሉ። ትሉም በዚያ አገር ፈጽሞ አልጠፋም፤ በአውሮፓ አገሮች ምርመራ ጥቂት ከረጢት የተገኘበት ሥጋ በብርቱ ቅዝቃዜ እንዲቈይ ተደርጎ ይሸጣል። በእነርሱና በእኛ መካከል ያለውን ዋና ልዩነት ስመረምረው ያገኘሁት ከወጥ ቤቱ ይልቅ በመጸዳጃ ቤቱ ነው። የሰው ሰገራ ወደ ግጦሽ ሜዳ የሚደርስበት መንገድ በጠበበ መጠን በሬውም ንጹሕ ይሆናል።

ስለ ኮሶ መድኀኒትነት ጥቂት ልበል። የኮሶ ዛፍ አበባ አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ይጠጡት የነበረ የታወቀ መድኀኒት ነው። ከ1769 እስከ 1772 እ.ኤ.አ. በአገራችን የነበረው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ ዛፉን በመጽሐፉ ገልጾታል፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም አበባው በአውሮፓ መድኀኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። ስለዚህ የሚናቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን መጠኑ ስለማይታወቅ ያስመልሳል፥ ያዝላል፤ ሲበዛ ዐይንን እስከ መጕዳት ይደርሳል፤ ለነፍሰ ጡር ሴትም እጅግ አደገኛ ነው። ዛሬ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎዛማይድ የሚባለው መድኀኒት አንድ ጊዜ ተውጦ ሥራውን ይጨርሳል። ይህንም ቢሆን ከሐኪም ሳይመክሩ ገዝቶ መዋጥ አይገባም፤ የአሳማ ሥጋ ትል የተባለው ዘመዱ እስከ አንጎል የሚደርስ ጕዳት ስላለው፥ አስቀድሞ ትሉን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጓደኞቼ ልመለስ። ይህን ሁሉ ለመምህሩ ካስረዳሁት በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «የሰበታው ቤት ሽንት ቤት ትዝ ይልሃል?» አለኝ። ትዝ አለኝ። ከበላንባቸው ቤቶች ሁሉ በአንድ ድምፅ አንደኛ ያደረግነው ቤት ነበር። ሥጋው የሚደነቅ፥ ሽርጣቸውም የነጣ ነበር። መጸዳጃው ግን ከጓሮ በቆርቆሮ የተከለለ ሆኖ፥ ፍሳሹ በቦይ ከአጥሩ ሥር ወጥቶ ወደ ሜዳ ይወርዳል፤ በሜዳውም ላይ ላሞች ይግጣሉ። አምስታችንም በየጊዜው ገብተንበታል፤ መምህሩም ትሉን ይዞ በነበረበት ወራት ቢያንስ ሁለት ጊዜ። እርሱን የያዘው ትል ከዚያ ቤት ሥጋ መጣ ለማለት አልችልም፤ ሰንጋው ከቦረና ወይም ከሐረር ተነድቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከእኛ ወደዚያ ሜዳ የሄደ ነገር መኖሩ የማይካድ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔና መምህሩ ብቻ ወደዚያው ሄድን። ባለቤቷ የበሰሉ ሴት ናቸው። «እትዬ፥ ዛሬ የመጣነው ጓሮውን ለማየት ነው» ብላቸው ሳቁ። «ወንድሜ፥ ስንት ዓመት ስሠራ ሰው ሥጋዬን እንጂ ሽንት ቤቴን ሊያይ መጥቶ አያውቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ተቈጣጣሪ ሆኖ የመጣም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚያየው መክተፊያውን፥ ሥጋው የሚሰቀልበትን ብረትና የሠራተኞቹን የጤና ምርመራ ወረቀት ነው። እነዚህም የግድ መታየት አለባቸው፤ ጤነኛ መስሎ የታይፎይድ ጀርም የሚያዘዋውር ሠራተኛ በእጁ ስንቱን እንደሚበክል የታወቀ ነው። እጅ መታጠቢያውም እንዲሁ፤ ውሃ ኖሮ ሳሙና ከሌለ፥ ጉርሻ የሚሰጣጡ አምስት ሰዎች የሚጎራረሱት የእጃቸውን እድፍ ነው። ለሴትዮዋ ከላይ የጻፍሁትን በአጭሩ ነገርኋቸው። በሬው የበላው የእንግዶቻቸውን መሆኑን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲህ የማኅበራችን ፍርድ ከጓሮ ይጀምራል። ተረኛው ቤት ሲመርጥ አስቀድሞ ሄዶ ጉድጓዱ የተከደነ መሆኑንና ሳሙና መኖሩን አይቶ ይመጣል፤ ከዚህ በኋላ ነው ስለ ጮማው የምንነጋገረው። በዚህም ምክንያት በቡራዩ አንድ፥ በሱሉልታ ሁለት ስመ ጥር ቤቶች ሳንቀመጥ ወጥተናል፤ አንዱም ባለቤት እጅግ ተቈጥቶብናል።

ባለፈው ወር ተራው የባንክ ሠራተኛው ነበርና ወደ ሰበታ መለሰን። ቦዩ ተደፍኖአል፤ በቦታው ክዳን ያለው ጕድጓድ ተቈፍሮአል፤ በቧንቧው አጠገብ ሳሙና በክር ታስሮ ተንጠልጥሎአል። መምህሩ በደንብ የበሰለ ጥብስ አዘዘ፥ እኔም ከእርሱ ጋራ በላሁ። ነጋዴው ግን እንደ ልማዱ ቍርጡን አስመጣ፤ በየስድስት ወሩ ሰገራውን ሊያስመረምር ቃል ገብቶልኝ ስለ ነበር ዝም አልሁት። በመጨረሻ ድምፅ ሲሰጥ ቤቱ ሁለተኛ ወጣ፤ አዋዜያቸው እንደ ድሮው አልነበረም።