የፈረንጅ ገና ሲያልፍ የሚመጣው እንግዳችን

ሰሞኑን «ዘንድሮ ኤልፉን እንዴት ልታደርጊ ነው?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ እናቶች በርከት ስላላችሁ መልሱን እዚሁ ላስፍረው። ለገና ገና ብዙ ጊዜ አለ እንዳትሉኝ። እኔን ጉድ የሠራኝ ይኸው አባባል ነው።

ለማታውቁት፣ ኤልፍ ቀይ ልብስ የለበሰ፣ እግሩ የቀጠነ፣ ዓይኑን ወደ ጎን የሚሰርቅ ትንሽ አሻንጉሊት ነው። ነገሩ የመጣው ካሮል ኤበርሶልድ ከልጇ ከቻንዳ ቤል ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ካሳተመችው የልጆች መጽሐፍ ነው። ቀን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ልጆቹን ያያል። ሌሊት ሰሜን ዋልታ ደርሶ ያየውን ለሳንታ ነግሮ ይመለስና ጠዋት ሌላ ቦታ ይገኛል። ልጆች ከነኩት አስማቱ ይጠፋል። በፈረንጅ ገና ዋዜማ ጠቅልሎ ይሄዳል። ሌሊት ሌሊት የሚያንቀሳቅሰው ማን እንደሆነ መቼም አልነግራችሁም።

እኛ ቤት የገባው ትልቁ ልጄ ኪንደርጋርተን የጀመረ ዓመት ነው። «የሁሉም ቤት አለ፣ የእኛ ቤት ብቻ የለም» ሲለኝ አንጀቴን በላው። ዘጠነኛው ሌሊት ላይ ረሳሁት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ «እማዬ፣ አልተንቀሳቀሰም» አለኝ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ። እንቅልፍ ባልለቀቀው አፌ «ጉንፋን ይዞት ነው» አልኩት። በሉ እንግዲህ፣ ዝንጅብል ይፈላለት ተባለ። ፈላለት።

በዚያው ሳምንት ትንሿ ልጄ ጎትታ አወረደችው። ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። ለዚህም የፈረንጆቹ ደንብ መድኃኒት አለው፦ ይቅርታ መጻፍና አጠገቡ ቀረፋ መነስነስ። ቀረፋማ የእኛ ቤት ነገር አይደል! የሻይ ቅመሙን ጣሳ አወረድን፣ ቀረፋውን ከቅርንፉዱ ለቅመን ለየን፣ በሙቀጫ ወቀጥነው። ትንሿ እንባዋ ሳይደርቅ አፍንጫዋን ሙቀጫው ውስጥ ከትታ ታሸታለች። ይሄ አሻንጉሊት የእኛም ሊሆን እንደሚችል የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እናቴ ከደሴ በቪዲዮ ስትደውል አሳየናት። «ሥራው ምንድን ነው?» አለች። ልጄ ኮራ ብሎ «ስናጠፋ ለሳንታ ይናገራል» አላት። ትንሽ ዝም አለችና «ጆሮ ጠቢ ነዋ!» አለች። በደርግ ጊዜ ጎረቤቱን እየፈራ ለኖረ ሰው ይሄ ቃል ቀልድ አይደለም። ስለላው እኔንም ከመጀመሪያው አልጣመኝም ነበር። ልጅ በገዛ ቤቱ ወር ሙሉ እየተሰለለ ጨዋ ቢሆን ምን ያደርግልኛል? ስለዚህ የእኛ ኤልፍ ከስለላው ሥራ ተሰናበተ። አሁን አጥፊው እሱ ነው፣ ጠዋት እየተሯሯጡ እሱን የሚከሱልኝ ልጆቹ ናቸው።

ትልቁን ለውጥ ያደረግሁት ግን ቀኑ ላይ ነው። እኛ ያለንበት ሜሪላንድ ዲሴምበር 26 ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ዛፉን አውጥቶ ደጅ መጣል ይጀምራል። የእኛ ገና ሲደርስ ለልጆቹ የተረፈ ምግብ የማሞቅ ያህል ነበር። ስለዚህ የሌሎቹ ኤልፍ ሲሄድ የእኛው ይመጣል። ከዲሴምበር 25 እስከ ጃንዋሪ 6፣ 13 ሌሊት ብቻ። ለምን ይዘገያል ሲሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው፦ የቤተ ክርስቲያናችን የቀን ቆጠራ እንደ ጥንቱ የጁልያን አቆጣጠር ስለሚሄድ ከፈረንጆቹ በ13 ቀን ወደኋላ ይቀራል። (ከ2100 በኋላ 14 ይሆናል፤ የዚያን ጊዜውን የልጅ ልጆቼ ይጨነቁበት።) ለእኔም ከ24 ሌሊት 13 ይሻለኛል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው።

ዕቅዱን የምጽፈው በጥቅምት፣ በአንድ ገጽ ላይ፣ በአማርኛ ነው። ልጄ እንግሊዝኛ ማንበብ ጀምሯል፣ ፊደል ግን ገና «ሀ ሁ» ላይ ነው። የሚያኮራ ነገር አይደለም፣ ምስጢሬን ግን ጠብቆልኛል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል፤ ማስታወሻው «ሊጥ» ነው የሚለው። ከ13ቱ ሌሊት ስምንቱ ምንም የማያለፋ መሆን አለበት፦ ከመሶቡ ክዳን ሥር አንገቱን ብቅ ማድረግ፣ ጀበናዋን ማቀፍ። የሚያለፉትን ለቅዳሜና ለእሑድ አቆያቸዋለሁ። በጣም የወደዱት በሶውን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ እስከ ስኳሩ ዕቃ ድረስ በእግሩ ዱካ የሄደበትን ነው። ዱካውን የሠራሁት በእርሳስ ላጲስ ነበር። በበርበሬ ግን እንዳትሞክሩት፣ ልጅ ዓይኑን ያሻል። ወተት ላስቀምጥለት ስትል ደግሞ ትንሿን አስቆምኳት፤ ጾመ ነቢያት ላይ ነንና የሚገባው ዳቦ ቆሎ ነው። ጠዋት ግማሹ ተቆርጥሟል። ባለቤቴ ተቆርቋሪ ነው።

በመጨረሻው ሌሊት ኤልፉ የሚገኘው ከገና ዱላ ጋር ነው። ሁለት ቆልማማ ዱላና በካልሲ ጠቅልዬ የሰፋኋት ሩር አጠገቡ ትቶ ይሄዳል። እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ እንደሚባል፣ ድሮም በዚያ ቀን ጨዋታ ላይ ጌታ ሎሌውን መቆጣት እንደማይችል ቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። ጃንዋሪ 7 አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቀን ስለሆነ ፈቃዱን ከአሁኑ ጠይቁ። አምና ከቅዳሴ መልስ ትንሽ ተኝተን፣ ዶሯችንን በልተን፣ ጭቃ ወደሆነው መናፈሻ ወረድን። ልጄ ሩሯን ስቶ የአባቱን ቅልጥም አገኘው። ባለቤቴ በአንድ እግሩ እየዘለለ አፉን ሊከፍት ሲል ትንሿ ጣቷን ቀስራ «ዛሬ መቆጣት አይቻልም!» አለችው።

ዱላውን ግን ከአሁኑ ፈልጉ። እኔ ዲሴምበር ላይ ስዞር ያገኘሁት ሁሉ የትልቅ ሰው ቁመት ነበር፣ በመጋዝ ማሳጠር ነበረብኝ።