ተጨማሪ መረጃ፦ ከፊልም ወደ ሙዚቃ
በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የራፕ ቡድኑ የዉ-ታንግ ክላን የመጀመሪያ አልበም ከኩንግ ፉ ፊልሞች የተወሰዱ ንግግሮችና የፍልሚያ ድምፆች ይሰሙበታል። የአቀናባሪው የሪዛ ብልሃት ንግግሩን ከምቱ ጋር ማዋሃዱ ነው፤ ተደጋግሞ ቢደመጥ የማይሰለች ሥራ ነው!

እንዲህ ያለ ንግግር ከፊልም ለመውሰድ ዛሬ ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የፊልሙን ድምፅ ከምስሉ ለይቶ ያወጣል። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። የሚያስቸግረው ከንግግሩ ሥር ያለውን የማጀቢያ ሙዚቃ ማስወገድ ነው። ፊልሙ ባለ 5.1 ድምፅ ከሆነ ግን ንግግሩ በአብዛኛው የሚቀመጠው ከስድስቱ መስመሮች በመሃለኛው ስለሆነ፣ እሱን ብቻ መውሰድ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ሙዚቃው ለሕዝብ የሚቀርብ ከሆነ የፊልሙን ባለመብት ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የፊልም ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 48,000 ናሙናዎች አሉት፤ የሲዲ ደግሞ 44,100። የመጀመሪያው ሳይቀየር በሁለተኛው ፍጥነት ከተጫወተ ንግግሩ ይጎተታል፣ ድምፁም ይወፍራል።