የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራና ሂሞግሎቢን

በተለምዶ የሦስት ወር የስኳር ምርመራ የሚባለው ሂሞግሎቢን ኤዋንሲ፣ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ የደም ስኳር የሚያሳይ ምርመራ ነው። ከጣት በሚወሰድ ደም የሚለካው ስኳር የዚያችን ሰዓት ብቻ ይናገራል። ወሩን ሙሉ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ የከረመ ታካሚ፣ ቀጠሮው ሲቃረብ ጥቂት ቀን ቢጠነቀቅ በባዶ ሆድ ጥሩ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ኤዋንሲ ግን በጥቂት ቀን ጥንቃቄ አይስተካከልም። ለምርመራው ምግብ ሳይቀምሱ መቆየትም አያስፈልግም፤ ከጋይንት ወይም ከስማዳ ሌሊት ተነሥቶ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ለሚደርስ የስኳር ሕመምተኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሂሞግሎቢን በቀይ የደም ሴል ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን የሚያመላልስ ፕሮቲን ነው። በደም ውስጥ ያለ ስኳር ቀስ በቀስ ይጣበቅበታል፤ ከተጣበቀም ሴሉ እስኪሞት አይላቀቅም። የሴሉ ዕድሜ 120 ቀን ገደማ በመሆኑ፣ ስኳር የተጣበቀበት ሂሞግሎቢን ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ ሲለካ የወራቱ ስኳር ይታወቃል። የውጤቱ ግማሽ ያህል የሚመጣው ከመጨረሻው ወር ነው። ስኳር የተጣበቀበት ሂሞግሎቢን በስኳር ሕመምተኞች ደም ውስጥ እንደሚበዛ ኢራናዊው ሐኪም ሳሙኤል ራህባር እ.ኤ.አ. በ1968 አሳወቀ።

ውጤቱ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታን ያመለክታል። ለብዙ ታካሚዎች የሕክምናው ግብ ከ7 በታች ነው። 7 በመቶ አማካይ ስኳሩ 154 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር፣ 9 በመቶ ደግሞ 212 ገደማ መሆኑን ያሳያል።

ይሁንና ቁጥሩ የሚታመነው ደሙ ራሱ ጤነኛ ሲሆን ነው። በፎገራና በሊቦ ከምከም ቆላማ ቀበሌዎች የሚገኘው ወባ ቀይ ሴሎችን ያለ ዕድሜያቸው ሲያፈርስ፣ ስኳሩ የሚጣበቅበት ጊዜ ያጥርና ውጤቱ ከእውነቱ ያንሳል። ብዙ ደም መፍሰስና ደም መውሰድም እንዲሁ ያሳስታሉ። በብረት እጥረት የሚመጣ የደም ማነስ ግን ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ኤዋንሲ ሲታዘዝ ሂሞግሎቢንም አብሮ ሊለካ ይገባል።

በደጋው የሂሞግሎቢን ንባብ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ከፍታ ሂሞግሎቢንን ይጨምራል ተብሎ ስለሚታሰብ የደም ማነስ መለኪያው ከከፍታ ጋር ከፍ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሂሞግሎቢን ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ለጉና ደገኞችም ይህን ማሰብ ተገቢ ነው።

ደሙ የማያስተማምን ሲሆን ሐኪሙ በባዶ ሆድና ከምግብ በኋላ በተለያዩ ቀናት የተመዘገበ የስኳር ልክ ላይ ይመረኮዛል። ደሙ ጤነኛ ከሆነ፣ ስኳሩ የተረጋጋለት ታካሚ ኤዋንሲውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መድኃኒት የተቀየረለት ደግሞ በየሦስት ወሩ ይመረመራል።