ለፌስቱላ ሕሙማን ማስረዳት የሕክምናው አካል ነው

ከገጠር ወደ ሆስፒታል ለሚላክ ሕመምተኛ ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ በሆስፒታል ምን እንደሚደረግለት፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን ማድረግና ምን መተው እንዳለበት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ይህ ሲጓደል ሐኪሙ የደከመበት ሥራ በቤት ውስጥ ይበላሻል። በምጥ መራዘም ምክንያት የሚመጣው የፌስቱላ ሕመም ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው።

ፌስቱላ የእርግማን ውጤት አይደለም። ምጥ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቆይና የሕፃኑ ራስ በዳሌ አጥንት መካከል ተወጥሮ ማለፍ ሲያቅተው በዚያ ያለውን ሥጋ ይጫነዋል። የተጫነው ሥጋ ደም ስለማይደርሰው ይሞትና ከጥቂት ቀናት በኋላ ይቀደዳል። ቀዳዳው ወደ ሽንት ፊኛ ከሆነ ሽንት፣ ወደ ዓይነ ምድር መውጫ ከሆነ ዓይነ ምድር ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ሴቲቱ ምክንያቱን የሚነግራት ካላገኘች በራሷ ኃጢአት የመጣ ይመስላትና ከሰው ተለይታ በጓዳ ትደበቃለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ይህን ሕመም ለማከም ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታል ከፍተዋል። ከዚያ ወዲህ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተቋቁመዋል። ሕክምናው ያለ ክፍያ ይሰጣል። በሆስፒታሉ ቀድሞ ታክመው የዳኑ ሴቶች ሠልጥነው በረዳት ነርስነት አዲስ መጪዎችን ይንከባከባሉ። ሕመሙንም ኦፕራሲዮኑንም በራሳቸው ስላዩት ቃላቸው ይታመናል። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1962 በሐምሊን ባልና ሚስት እጅ ለመታከም መጥተው፣ ያለ መደበኛ ትምህርት ከሐኪሞቹ ጎን በመቆም ኦፕራሲዮን መሥራት ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከለንደን የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ከተሸለሙት አንዷ ለመሆንም በቅተዋል።

ለሕመምተኛዋ በቅድሚያ መነገር ያለባቸው ጉዳዮች ብዙ ናቸው። ኦፕራሲዮኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በወገብ ላይ በሚሰጥ የማደንዘዣ መርፌ ነው። እግሯ ለጥቂት ሰዓታት እንደሚደነዝዝና ተመልሶ እንደሚንቀሳቀስ አስቀድሞ ካልተነገራት ሽባ የሆነች መስሏት ትደነግጣለች። ማንበብ የማትችል ከሆነችም የስምምነት ወረቀቱ ላይ ጣቷን ከማሳረፏ በፊት በቋንቋዋ ሊነበብላትና ጥያቄ እንድታቀርብ ጊዜ ሊሰጣት ይገባል።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ሽንት የሚወጣበት ቱቦ ከ7 እስከ 14 ቀን ያህል ይቆያል። ዓላማው ፊኛው ሳይሞላና ሳይወጠር ስፌቱ እንዲደርቅ ነው። ብዙ ሴቶች ሽንት እንዳይፈስሳቸው ውኃ መጠጣት መቀነስ ልማዳቸው ሆኖ ይመጣሉ። በዚህ ጊዜ ግን ብዙ መጠጣት ያስፈልጋል፤ ውኃ ሲያንስ ቱቦው ሊደፈን፣ ፊኛው ሊወጠርና ስፌቱ ሊለቅ ይችላል። ቱቦው መንጠባጠብ ካቆመ ወዲያውኑ ነርስ መጥራት እንዳለባት ማወቅ አለባት።

ትልቁ ችግር የሚመጣው ወደ ቤት ስትመለስ ነው። ቢያንስ 3 ወር፣ ሐኪሙ ካዘዘም ከዚያ በላይ፣ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብ አለባት። እንስራ መሸከምና ሌላ ከባድ ሥራም ለጊዜው ይከለከላል። ይህን ባልዋና አማቷ ካልሰሙ እርሷ ብቻዋን ልትፈጽመው አትችልም። ወደፊት ብታረግዝ ደግሞ ምጥ ሳይጀምራት ሆስፒታል ገብታ በኦፕራሲዮን መውለድ ይኖርባታል። ይህን ሳታውቅ በቤቷ ብታምጥ ቀዳዳው ተመልሶ ሊከፈት፣ እርሷም ሕፃኑም ሕይወታቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ቀዳዳው ተዘግቶም በሚያስሉበት ጊዜ ሽንት የሚያመልጣቸው አሉ፤ እነዚህ ተስፋ ሳይቆርጡ ወደ ሆስፒታሉ ተመልሰው መታየት ይገባቸዋል።

በዚህ ረገድ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻ ቀላል አይደለም። ሕመምተኛዋ ስትላክ ቋንቋዋንና የሐኪሙን ቋንቋ የሚያውቅ፣ እርሷ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። አብሯት የሄደው ሰው ለሐኪሙ ሦስት ጥያቄ ያቅርብ፤ ሕመሙ ምንድን ነው? ምን ይደረግላታል? በቤት ምን ትጠንቀቅ? መልሱን ከሰማች በኋላም በራሷ አነጋገር መልሳ ትናገረው። የተሳሳተው ነገር እዚያው ሐኪሙ ፊት ይታረማል። «ገባሽ?» ተብላ «አዎን» ማለቷ ብቻ በቂ አይደለም፤ በይሉኝታ አዎን የሚል ብዙ ነው።

ስትመለስም የቀጠሮ ወረቀቷን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንድታሳይና ትእዛዙ በፈቃዷ ለባልዋ እንዲነበብለት መርዳት ያስፈልጋል። ጉዳይዋን በስሟ በስብሰባ ላይ ማንሳት ግን ፈጽሞ አይገባም። በስብሰባ ሊነገር የሚገባው ትምህርቱ ነው፤ ምጥ የጀመራት ሴት ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ ካልወለደች ሌላ ቀን ሳይጠበቅ ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ። ቤቷ ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡርም መውለጃዋ ሳይደርስ በጤና ጣቢያ አጠገብ ባለው የእናቶች ማቆያ ትረፍ። ይህን ያስረዳ መሪ የዳነችው ሴት ዳግመኛ እንዳትታመም፣ ያልታመመችውም ጨርሶ እንዳትታመም ይረዳል።