የኬንያ ኦፕን፦ የባለአገሮቹ ስም ያልሰፈረበት የጎልፍ ዋንጫ

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል በሚወስደው የናይሮቢ ጉዞ መዳረሻ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1967 ጀምሮ የሚካሄድ የጎልፍ ውድድር አለ። ስሙ የኬንያ ኦፕን ነው። በአሸናፊዎቹ ዝርዝር ውስጥ እንግሊዛዊ፣ ስፔናዊ፣ ዌልሳዊ፣ አርጀንቲናዊ፣ ጣሊያናዊ፣ ደቡብ አፍሪካዊና ቻይናዊ ይገኛሉ። ኬንያዊ ግን የለም።

ናይሮቢ የባቡር ሐዲዱ በ1899 ሲደርስባት የተቆረቆረች ከተማ ናት። የመጀመሪያው የጎልፍ ክለቧ የተመሠረተው ደግሞ በ1906 ነው። ከተማዋ ገና ሰባት ዓመት ሳይበልጣት ቅኝ ገዥዎቹ ለጨዋታቸው ሜዳ አዘጋጅተው ነበር ማለት ነው። ለብዙ አስርት ዓመታት ግን አፍሪካውያን ወደዚያ ሜዳ የሚዘልቁት ሣር ለማጨድ ወይም የተጫዋቾችን ቦርሳ ለመሸከም ነበር።

የኬንያ ኦፕን የተጀመረው አገሪቱ ነጻነቷን ካገኘች ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ‘ኦፕን’ የሚለው ስያሜ ውድድሩ ለባለሙያውም ለአማተሩም ክፍት መሆኑን ያመለክታል። የመጀመሪያው አሸናፊ እንግሊዛዊው ጋይ ዎልስተንሆልም ነበር። ሌላው እንግሊዛዊ ሞሪስ ቤምብሪጅ በ1968፣ በ1969 እና በ1979 ሦስት ጊዜ ዋንጫውን አንስቷል።

በ1970ዎቹ ውድድሩ ‘ሳፋሪ ሰርኪት’ ተብሎ የሚታወቀው ዙር አካል ሆነ። በአውሮፓ ክረምቱ ሲበረታ ተጫዋቾቹ ናይጄሪያን፣ አይቮሪኮስትን፣ ዛምቢያንና ኬንያን እያዳረሱ ይጫወቱ ነበር። ናይሮቢ ላይ አንድ ነገር ያስገርማቸዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ኳሷም በአገራቸው ከለመዱት በላይ ርቃ ትበራለች። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ ብዙም አይገርመው ይሆናል፤ ርቀትን በልምድ ለሚመትር የጎልፍ ባለሙያ ግን ስሌቱን ሁሉ እንደገና መጀመር ነው።

ከእነዚህ እንግዶች መካከል በ1978 የመጣው ሴቬሪያኖ ባሌስቴሮስ ይገኝበታል። በወቅቱ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ፔድሬኛ በምትባል የሰሜን ስፔን የባሕር ዳርቻ መንደር ያደገ፣ በአንዲት አሮጌ ዱላ አሸዋ ላይ ሲለማመድ የኖረ፣ በልጅነቱም ለሀብታሞች ቦርሳ ይሸከም የነበረ ወጣት ነው። ናይሮቢ ላይ አሸነፈ። በተከታዩ ዓመት የብሪታኒያን ኦፕን፣ በ1980 ደግሞ በአሜሪካ የሚካሄደውን ማስተርስ ወሰደ። በ1986 በኬንያ ያሸነፈው ዌልሳዊው ኢያን ዉስናም በ1991፣ በ2000 ያሸነፈው ደቡብ አፍሪካዊው ትሬቨር ኢመልማን ደግሞ በ2008 የማስተርስ ባለድል ሆነዋል።

የድሮ ማስታወሻዎች ዋጋ የሚመነጨው ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ ነው። የ1978ቱ የውድድር መርሐ ግብር በታተመበት ቀን ተራ ወረቀት ነበር፤ ውጤት የሚመዘገብበት ካርድም እንዲሁ። በኋላ ግን ያ ወጣት ማን እንደሆነ ታወቀ። የጎልፍ ሰብሳቢዎች ፊርማ ያረፈበትን ባንዲራ፣ ጓንት፣ ኳስና ኮፍያ ይፈልጋሉ። ገንዘቡም ቀላል አይደለም፦ የመጀመሪያው የማስተርስ አሸናፊ የሆርተን ስሚዝ አረንጓዴ ኮት በ2013 ለጨረታ ቀርቦ ከ682 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጧል።

ልማዱ ጥንታዊ ነው። የብሪታኒያ ኦፕን የመጀመሪያ ሽልማት ዋንጫ ሳይሆን ከቀይ ቆዳ የተሠራ ቀበቶ ነበር። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ቀበቶውን ያስቀረዋል የሚል ደንብ ስለነበር፣ ስኮትላንዳዊው ወጣት ቶም ሞሪስ በ1870 ይዞት ቀረ። የሚሸለም ነገር ጠፍቶ በ1871 ውድድሩ አልተካሄደም።

የኬንያውያን ድርሻስ? ከአገሪቱ የጎልፍ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ጨዋታውን የተማሩት ካዲ ሆነው ነው። ካዲ የተጫዋቹን ቦርሳ ይሸከማል፣ ርቀት ይለካል፣ የሣሩን ዘንበልታ ያነባል፣ የትኛው ዱላ እንደሚሻል ይመክራል። ሜዳውን ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ማወቅና በየሳምንቱ ለውድድር ተዘጋጅቶ መገኘት የተለያዩ ናቸው። የጉዞ፣ የመሣሪያና የአሠልጣኝ ወጪ አብዛኞቹን ወደኋላ ያስቀራቸዋል።

ለዋንጫው በጣም የቀረበው ጃኮብ ኦኬሎ ነው። በ1998 ከአርጀንቲናዊው ሪካርዶ ጎንዛሌዝ ጋር እኩል ውጤት አስመዝግቦ በመለያ ጨዋታ ተሸነፈ። አራት ቀን፣ 72 ጉድጓድ ተጫውተው አልተለያዩም ነበር። በዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ግን የጎንዛሌዝ ስም ብቻ ነው፤ የመዝገብ ጭካኔው እዚህ ላይ ነው፣ ለሁለተኛ ቦታ አይሰጥም።

አንዳንዴ ደግሞ ማሸነፍም አይበቃም። የሕንድ ዝርያ ያለው ደቡብ አፍሪካዊ ካዲ ሴውሰንከር ‘ፓፕዋ’ ሴውጎሉም በ1963 ደርባን ላይ የናታል ኦፕንን ነጮቹን አስከትሎ አሸነፈ። በአፓርታይድ ሕግ ምክንያት ወደ ክለቡ አዳራሽ መግባት ስላልተፈቀደለት ዋንጫውን የተቀበለው ደጅ ላይ፣ በዝናብ ቆሞ ነው። ተሸናፊዎቹ ውስጥ ነበሩ። ያንን ቅጽበት ያስቀረው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል፤ ዛሬም ከዋንጫው ይልቅ የሚታወሰው እርሱ ነው።

የኬንያ ኦፕን ከ1991 ጀምሮ የአውሮፓ ሁለተኛ እርከን ውድድር ሆኖ ቆይቶ፣ በ2019 ወደ ዋናው የአውሮፓ ቱር አደገ። የሽልማት ገንዘቡም ከ500 ሺህ ወደ 1.1 ሚሊዮን ዩሮ ከፍ አለ። ለአገር ውስጥ ተጫዋቾች ግን ዕድገቱ ሁለት ገጽታ ነበረው። በአንድ በኩል በደጃቸው ከዓለም ምርጦች ጋር ይፋለማሉ፤ በሌላ በኩል ከሁለት ቀን በኋላ በሚደረገው ማጣሪያ ማለፍ ራሱ ትልቅ ዜና ሆነ። ለአገሬው ባለሙያዎች የተዘጋጀው ‘ሳፋሪ ቱር’ ይህን ክፍተት ለማጥበብ የታሰበ ነው።

በታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች አንድ የቆየ ልማድ አለ። የመጨረሻው፣ የ18ኛው ጉድጓድ ባንዲራ ከዘንጉ ተፈትቶ ለአሸናፊው ካዲ ይሰጣል። ዋንጫውን ተጫዋቹ ይስመዋል፤ ባንዲራው ተጣጥፎ ከቦርሳ ተሸካሚው ጋር ወደ ቤት ይሄዳል።